ማንኪያው ውስጥ ማንም አልነበረም

አቤሴሎም ቤታችን የመጣ ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር። ኮቱን አውልቆ በእጁ የያዘውን ነገር ጠቅልሎበት፣ እሱ ራሱ በሸሚዝ እስከ ቆዳው ረጥቦ ገባ። እናቴ ፎጣ ብትዘረጋለት ወዲያው አልተቀበላትም፤ መጀመሪያ ኮቱን ፈትቶ ውስጡ ደረቅ መሆኑን አየ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ውስጡ ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ። እናቴ ያን ድምፅ ስትሰማ ሄዳ የፎቶ ቤቱን በር ዘጋች፤ ገና የሥራ ሰዓት አላለቀም ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፊቱ ፎቶ ቤት ጀርባው መኖሪያ የሆነ ቤት ነበረን። ፎቶ አንሺዋ እናቴ ጣቢታ ናት። አባቴ እንድርያስ ዱራሜ ያስተምር ስለነበር የምናገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። የአባቴ ወላጆች ከሰሜን የመጡ ስለሆኑ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። እናቴ ግን የፎንቆ ልጅ ናት፤ እኔ እንድሰማው የማትፈልገውን ሁሉ በሀዲይኛ ታወራዋለች። የእኔ ሀዲይኛ እንደ ደካማ ሬዲዮ ነበር፤ አንድ ቃል ይመጣል፣ ሦስቱ ይጠፋሉ።

የዚያን ቀን የመጡልኝ ቃላት «ወንዝ»፣ «ልጆች» እና «ጨለማ» ነበሩ። አቤሴሎም ጉንጮቹ ወደ ውስጥ የገቡ፣ ሲናገር ከንፈሩ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ከደቡብ አፍሪካ እንደተመለሰ ሰምቻለሁ። ከደቡብ አፍሪካ የሚመለስ ሰው ደግሞ ስልክ፣ ጫማ፣ ለልጆች ቸኮሌት ይዞ ነው የሚመጣው። እሱ ከጣሳው በቀር ምንም አልያዘም።

ጣሳውን ሲከፍተው ውስጡ በትንንሽ ጨርቅ የተቋጠሩ ነገሮች ነበሩ። እናቴ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ቀለበት። የእጅ ሰዓት። የቀበቶ ዘለበት። የብር መስቀል። ማንኪያ። ሁሉም ያብረቀርቁ ነበር፤ አንድም የማያብረቀርቅ ነገር አልነበረም። አንዱን ቋጠሮ ፈትታ ለአፍታ ካየች በኋላ ግን መልሳ ቋጠረችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። በመስኮት ሳያት ዝናቡ ላይ ቆማ እጇን ትታጠባለች፤ ሳሙናው ካለቀ በኋላም ትታጠባለች።

ስትመለስ የማን እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ገና አልተለዩም» አለችኝ በአማርኛ።

«ማን ነው የሚለያቸው?»

ወደ አቤሴሎም አየችና «እሱ» አለች።

ትምህርት ቤት «ለዩ» እየተባልን የምንታዘዘው ቅጠልና ፍራፍሬ ነበር። ስለ ሰው ሲነገር ግን ያን ቃል የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። እሁድ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌው ማይክሮፎኑን ይዘው «ወንድማችን እገሌ ከመካከላችን ተለየ» ይላሉ፤ ያኔ ከኋላ ወንበር ያሉ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሻይ የሚጠጣውን ሰውዬ አየሁትና ከወንበሬ ተነስቼ እናቴ ጀርባ ሄድኩ። ሰው የሚለየው እሱ ነው ማለት ነው።

እናቴ ማንኪያውን በካሜራዋ አነሳችው። በካሜራው መስኮት ስታየው ምላሷን አጮኸች። «ፍላሹ በላው» አለች። ያለ ፍላሽ ደግማ አነሳችው። አሁን ደግሞ ማንኪያው ጉድጓድ ውስጥ የራሷ ፊት፣ ተዘቅዝቆና ተለጥጦ፣ ካሜራ እንደያዘ ታየ። አቤሴሎም ራሱን ነቀነቀ። ፊት ያለበት ፎቶ ለቤተሰብ እንደማይላክ ነገራት። እሷም ለራሷ የምትናገር በሚመስል ድምፅ «ፊቱን ማጥፋት አለብኝ» አለች።

አሁን እኔም የእሷን ሥራ ስለምሠራ ያኔ የምታወራው ምን እንደነበር አውቃለሁ። የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ መስታወት ነው። ጫር ጫር ተደርጎ የተጻፈበትን ፊደል አያሳይህም፤ የሚያሳይህ አንተን፣ መስኮትህን፣ አምፖልህን ነው። መፍትሔው ዙሪያውን ነጭ ነገር ማድረግና አንተ ከፊቱ መጥፋት ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የሰማችው ግን ብርሃን እንደሚበላና እናቷ የሰው ፊት ልታጠፋ እንደሆነ ነበር።

ሳጥኑን የሠሩልን ጎረቤታችን አናጺው ጋሽ ሀብቴ ናቸው። እናቴ ለጌጣጌጥ ፎቶ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሞራሌ ቆርጠው፣ በመላጊያ አለስልሰው፣ አራት እግርና ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው ትንሽ ቤት ሠሩ። ሥራው ላይ እያሉ ስለ ልጃቸው ስለ አዶናይና ስለ አጎቴ ስለ ቲቶ አወሩ። ሁለቱ ካቻምና በአንድ ቀን ነበር ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጡት፤ በአንድ ላይ። ቲቶ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከመንገድ ሁለት ሦስቴ ደውለው ነበር፤ ከዚያ ዝም አሉ። ጋሽ ሀብቴ፣ ስልክ የሌለበት ቦታ ተይዘው መሆን አለበት አሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ሰው ላይ እንደደረሰና ከዓመት በኋላም እንደሚደውሉ። እናቴ አንገቷን ደፍታ አንሶላ ትሰፋ ነበር።

አንሶላውን ሳጥኑ ላይ ወጥራ ከግራና ከቀኝ አምፖል አቆመችለት። ከፊት ለፊቱ ጥቁር ጨርቅ ሰቀለች፤ መሃሉ ላይ የካሜራው ዓይን ብቻ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። የኋላው ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፈነ። አምፖሎቹ ሲበሩ ሳጥኑ በክፍሉ ጨለማ መሃል በር የሌለው፣ ከውስጥ የሚበራ ነጭ ቤት ሆነ። እናቴ ከጥቁሩ ጨርቅ ጀርባ ስትገባ አልታየችኝም። ትንፋሿና የካሜራው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

ከማንሳቷ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች። እኔን ሕፃን ሳለሁ ታጥበኝ እንደነበረው ከታች በእጇ ይዛ፣ ከላይ ውሃ እያፈሰሰች። ታጥባ ስታበቃ በንጹሕ ጨርቅ ታደርቀውና ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ከዚያ ነጩ ቤት ውስጥ ታስገባዋለች።

አንድ ከሰዓት ፊት ለፊት ደንበኛ ስታስተናግድ ገብቼ ካሜራውን አየሁ። ማንኪያው ነበር። በባዶ ነጭ ነገር ላይ፣ ጥላ ሳይኖረው፣ ተንሳፍፎ። መያዣው ላይ በሚስማር የተጫረ «አ» የሚል ፊደል ጥርት ብሎ ይታያል። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ማንም የለም። ወደ ወጥ ቤት ሮጬ የራሳችንን ማንኪያ አነሳሁ። ፊቴ አለ፣ ተዘቅዝቆ። አዞርኩት፤ አሁንም አለ። ተመልሼ ፎቶውን አየሁ። ነጭ ብቻ። በውስጡ የነበረው ሰው ወጥቷል፣ ወይም ብርሃኑ በልቶታል።

በማግስቱ አቤሴሎም በረንዳችን ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። አማርኛ ከማያውቅ ሰው ጋር ቢሆን ኖሮ ምንም አልሰማም ነበር፤ እሱ ግን በአማርኛ ነበር የሚያወራው። «የማንኪያው ባለቤት ተለየ» አለ። «አዎ፣ ዛሬ። እዚሁ ጎረቤት ነው።»

ጩኸቱ ከጋሽ ሀብቴ ግቢ የመጣው ከምሳ በፊት ነው። የሚስታቸው ድምፅ ነበር፤ ከዚያ የብዙ ሴቶች ድምፅ ሆነ። ሰዎች ከየሱቁ ወጥተው ወደዚያ ሮጡ። ድንኳን ተተከለ። ስንገባ ጋሽ ሀብቴ ወንበር ላይ ሳይሆን የሥራ ማዕዘናቸው ላይ፣ ከእንጨት ፍቅፋቂው መሃል መሬት ተቀምጠዋል። እናቴ ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እሳቸው እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

አዶናይ አዳሪ ተማሪ ሳለ ማንኪያው እንዳይሰረቅበት ነው ያን ፊደል በሚስማር የጫረው። እናቱ ፎቶውን እንዳየች አውቃዋለች። የሞተው ግን ያን ቀን አልነበረም። ድንበር ላይ ወንዝ ሲሻገሩ ጀልባቸው ተገልብጦ፣ ከወራት በፊት ነው። የወንዙ ዳር ሰዎች አስከሬኖቹን አወጡ፤ ወረቀቱን፣ ፎቶውን፣ ስልኩን ሁሉ ውሃ አበላሽቶት ስለነበር የማንነታቸው ምልክት ሆኖ የቀረው ከብረት የተሠራው ብቻ ነው። በአቅራቢያው ከተማ የሚሠሩ የእኛ አገር ልጆች ሄደው ቀበሯቸው። አቤሴሎም ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበር። ከእያንዳንዳቸው አንድ ነገር እየወሰደ ቋጠረ፤ በጨርቁ ጥግ ላይም የመቃብሩን ቁጥር ጻፈ። እነሱ እዚያ ሆነው በስልካቸው አንስተው የላኩት ፎቶ ነጭ ብልጭታ ብቻ ስለነበረ ማንም ምንም ሊለይበት አልቻለም። ስለዚህ ጣሳውን ይዞ አገር ገባ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ያወቅኩት ጋሽ ሀብቴ በእጃቸው የሠሩት ቤት ልጃቸውን እንደበላ ነበር።

ከዚያ ቀለበቱ ገባ፤ ከጊምቢቹ ለቅሶ ተሰማ። ሰዓቱ ገባ፤ አባቴ ዱራሜ የሥራ ባልደረባው ቤት ለቅሶ እንደሚቀመጥና ቅዳሜ እንደማይመጣ ደወለ። በተራ ነበር። እናቴ ታጥባለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ታስገባለች፤ አቤሴሎም ፎቶውን በቴሌግራም ለየቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ይልካል፤ ከዚያ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ይለያል። ሌሎች ልጆች እናታቸውን የሚፈሩት ስለምትመታቸው ወይም ስለምትሰድባቸው ይሆናል። የእኔ እናት ደግነቷ ሳይቀንስ፣ ፀጉሬን እየሠራችልኝ፣ ዳቦዬን እየቆረሰችልኝ፣ ይህን ታደርግ ነበር። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቤት ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ መሸሸግ ጀመርኩ። የፀጉር ጌጤን፣ የአባቴን የድሮ ሰዓት፣ የእናቴን ጉትቻ ፍራሽ ሥር ከተትኩ። ለትምህርት ቤት የጉርድ ፎቶ ሲያስፈልገኝ አለቀስኩ፤ ካሜራዋ ፊት አልቆምም አልኩ። እናቴ ግንባሬን ነካች፤ ትኩሳት ያለኝ መስሏት ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ከመክበዱ የተነሳ ቤቱ ውስጥ መሸ። መብራት ሄዶ ነበር። እናቴ ለቅሶ ቤት ስለሄደች ብቻዬን ሳሎን ተቀምጬ ጣሪያው ላይ ዝናቡን እሰማለሁ። ድንገት ከኋላው ክፍል በር ሥር ብርሃን ወጣ። ሌላው ቤት ሁሉ ጨለማ ነው። ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። ብርሃኑ ወለሉ ላይ እስከ እግሬ ድረስ መጣ።

ሄጄ በሩን ገፋሁት። ነጩ ቤት በራሱ በርቷል። አንሶላው ላይ ደግሞ ጥላ አለ፤ አንገትና ትከሻ ያለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚመስል። ጥላው አንዴ ነቅነቅ አለ። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ብሎ ሳጥኑን እንደመታው አሁን አስባለሁ፤ ጥላውም ማቆሚያ ላይ የተንጠለጠለው የብር መስቀል ነበር። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ያልዘጋችው እናቴ ናት፤ ሲመጣ የበራው እሱ ብቻ ነው። ያኔ ግን ግድግዳውን ታክኬ፣ ጀርባዬን ለነጩ ቤት ሳልሰጥ፣ ወደ ሶኬቱ ለመድረስ ስሄድ ክንዴ መደርደሪያው ላይ ያለ ጨርቅ ነካ። ጨርቁ ወደቀ። ከውስጡ ፊሽካ ተንከባለለ።

አነሳሁት። የዳኛ ፊሽካ ነው፤ ብረት፣ ክብ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ጎኑ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። ያን ጎድጓዳ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ ድንጋይ ላይ የጣልኩት። አጎቴ ቲቶ የሰፈር ልጆችን ኳስ ያጫውት ነበር፤ ከፎንቆ በመጣ ቁጥር ከአንገቱ አውልቆ ለእኔ ይሰጠኝና እኔ ስነፋ ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች ይቆማሉ። ስጥለው አልተቆጣም። ጎድጓዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ድምፁ አሁን የተሻለ እንደሆነ ነገረኝ።

እናቴ ከነእርጥብ ልብሷ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደገባች አልሰማሁም። መጥታ ፊሽካውን ከእጄ ወሰደች፤ በጨርቁ ጠቀለለችው።

«ይሄ እዚያ አይገባም» አለች።

ወደ ነጩ ቤት አየሁ። «አጎቴ ቲቶ አልተለየም?»

ጨርቁን መሳቢያ ውስጥ አድርጋ ዘጋችው። አምፖሎቹ ጭው ይላሉ።

«አልተለየም» አለች።

የመለሰችው በየትኛው ትርጉም እንደሆነ ዛሬም አልጠየቅኳትም። እኔ ግን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፍኳት። እናቴ ሁሉንም ስታስገባ ወንድሟን አስቀርታዋለች። የምትችለው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለጋሽ ሀብቴ አዘንኩ፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ በሹክሹክታ ሲከራከሩ ሰማሁ። አባቴ በአማርኛ ነው የሚከራከረው፤ የቲቶ እናት እስከ መቼ እንዲህ ትቀመጣለች ይላል። እናቴ፣ ፎቶ ካልተነሳ ገና ምንም ነገር አልሆነም አለች። አባቴ «ጣቢታ» ብሎ ስሟን ብቻ ጠራ። እኔ በልቤ ከእናቴ ጎን ቆምኩ።

አያቴ ፋንታዬ ከፎንቆ የመጣችው መስከረም ውስጥ ነው። በሚኒባስ፣ ቆጮና ቅቤ ይዛ። እናቴ ፊት ለፊት ደንበኛ ስለበዛባት እኔና አያቴ ከጀርባ ሆንን። አያቴ ቁመቷ ረጅም፣ ስትቀመጥ እንኳን ጀርባዋን የማታጎብጥ ሴት ናት። አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ የእኔ ሀዲይኛም ትንሽ ነው፤ ሁለቱን አጋጥመን ነበር የምንግባባው። በሩ ገርበብ ስላለ ነጩን ቤት አየችው። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት። የምፈራው ነገር ነበር፤ ግን ለእሷ መልካም ወሬ ነበረኝ። ዕቃው እንደሚታጠብ፣ እንደሚገባ፣ ፊቱ እንደሚጠፋ፣ ሰውየውም እንደሚለይ። አያቴ እጄን ይዛ ትሰማለች። «አጎቴ ቲቶ ግን አልተለየም» አልኳት። «እማዬ ፊሽካውን አስቀርታዋለች። እዚያ አላስገባችውም።»

አያቴ እጄን አልለቀቀችም። ፊቷም አልተለወጠም።

«የት አለ?» አለች።

የተቀመጠበትን መሳቢያ ከፍቼ አመጣሁላት። ጨርቁን ራሷ ፈታች። መዳፏ ላይ አድርጋ በአንድ ጣቷ አገላበጠችው። ጎድጓዳውን ስታገኝ ጣቷ እዚያ ቆመ። ከዚያ ወደ አፏ ወሰደችውና ነፋች።

ጥርስ ስለሌላት ትንፋሿ በጎን ይወጣል። ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነበር፤ መጨረሻው እየተንቀጠቀጠ። ቤቱን አቋርጦ ወደ ፊት ሄደ። በፎቶ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ የእናቴ የሩጫ ድምፅ ተከተለ። በሩን በርግዳ ስትገባ ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ተከፍቶ ነበር።

«ቲቶ?» አለች።

እኔንና አያቴን አየች። ፊሽካውን አየች። በሩን ተደግፋ ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች።

አያቴ በሀዲይኛ ነው የተናገረችው፤ ቀስ ብላ ስለተናገረች ግን ሁሉንም ሰማሁት። እኔ በአማርኛ እንዲህ ነው የያዝኩት። «የአዶናይን ለቅሶ ስሰማ አውቄዋለሁ፤ አብረው አይደል የሄዱት? አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅኩት። አንቺ ደግሞ እኔን ብለሽ ብቻሽን ተሸከምሽው።»

እናቴ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አያቴ ጠብቃት ጠብቃት ሲበቃት ፊሽካውን ሰጠቻትና በአማርኛ «እጠቢው» አለቻት።

እናቴ አጠበችው። ከዚያ ወደ ነጩ ቤት ይዛው ሄደች። ያኔ ነው እኔ የጮህኩት። ቀሚሷን ይዤ ተንጠለጠልኩ፤ አታስገቢው፣ ይለያል፣ ብርሃኑ ይበላዋል እያልኩ። ከሐዘን የተነሳ መስሏት አቅፋ ለአያቴ ሰጠችኝ። አያቴ እቅፍ ውስጥ ሆኜ የካሜራውን ድምፅ ሰማሁ። አንዴ። ሁለቴ። ፊሽካ ከሁሉም ይከብዳል፤ ክብ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ ያሳያል። እናቴ አምፖሎቹን እያራቀች፣ አንሶላውን እያጠበቀች ብዙ ጊዜ ደጋገመችው።

በነጋታው ፎንቆ የአያቴ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ጋሽ ሀብቴ ቀድመው ደርሰው ምሰሶውን በራሳቸው እጅ እያቆሙ ነበር። ሰው በሰልፍ ይገባል። የነጩን ቤት ምስጢር የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ፊሽካውንም ከመሳቢያ ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ሰው ፊት መቅረብ አልቻልኩም። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ቅጠሎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ውስጡ ከሆንክ ሰው አያይህም።

አቤሴሎም ግን አገኘኝ። እናቴ ስትፈልገኝ አይቶ ይሆናል። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ቆመ፤ ያ ከንፈሩ ብቻ የሚንቀሳቀስ ፊቱ ከላይ ወደ እኔ አዘቀዘቀ።

«አሁን እኔን ልትለየኝ ነው?» አልኩት።

አልገባውም። ደግሜ ነገርኩት፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝና ሁሉንም ነገርኩት። ማንኪያውን፣ ጋሽ ሀብቴን፣ በራሱ የበራውን ቤት፣ ፊሽካውን፣ እናቴ ያዳነችውን እኔ እንዳስበላሁት። አቤሴሎም ጭቃው ላይ ከነሱሪው ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሲያወራ ከሌላው ጊዜ ቀስ ብሎ፣ በአማርኛ፣ ቃሉን እየመረጠ ነበር።

«ሐዳሳ፣ እኔ አጎትሽን ያገኘሁት ሞቶ ነው» አለኝ። «ሳጥኑ ገና ሳይሠራ። ጣሳው ውስጥ ገና ወተት እያለ። እናትሽም አንቺም ምንም አላደረጋችሁም። መለየት ማለት ይሄ የማን ልጅ ነው ብሎ ማወቅ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።»

የት እንደሆነ ጠየቅኩት። ከወንዙ ራቅ ያለ ከፍታ ቦታ እንደሆነ፣ ጎርፍ እንደማይደርስበት፣ አፈሩ ቀይ እንደሆነ ነገረኝ። ከአዶናይ ጎን እንደሆነም ነገረኝ፤ አብረው መሄዳቸውን ሳያውቅ፣ ጎን ለጎን ነው የቀበራቸው። ከዕቃዎቹ አንዱ ፎቶ ሳይነሳ እንደቀረ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ እናቴ ለምን እንደያዘችው ስለገባው ምንም ሳይጠይቃት ቆየ። ያን ክረምት የጠላሁት ይህን ሰው ነበር።

«ስቀብረው ስሙን አላውቅም ነበር» አለኝ። «ስጸልይ ‹ይህ ልጅ› ነው ያልኩት። እንጨቱ ላይም የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።»

ከዚያ ስልኩን አወጣና ደወለ። ብዙ ጊዜ ጠራ። እዚያ ፈትሁዲን የሚባል ጓደኛው እንደቀረ፣ ሱቁ ከመቃብሩ ሩቅ እንዳልሆነ፣ አንዱ ሲለይ ሄዶ ቁጥሩን በስም የሚቀይረው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ሰውየው ሲያነሳ ሰላም ተባባሉ። አቤሴሎም የመቃብሩን ቁጥር ነገረው። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ ንገሪው። ቀስ ብለሽ፣ ከነአባቱ ስም።»

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ትኩስ ነበር። ከሩቅ ነፋስና የመኪና ድምፅ ይሰማል። «ቲቶ ሄራሞ» አልኩ። ሰውየው አልሰማም፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አሁንም ጠፋ፤ አባቱን ማን እንዳልኩ ጠየቀኝ። ከእንሰቱ መሃል ተነስቼ ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ፤ እናቴ ተነስታ ቆማ አየችኝ።

«ቲቶ ሄራሞ!»

«ሰማሁሽ ልጄ» አለኝ ፈትሁዲን። «አትዝጊው፣ እየጻፍኩ ነው።»